በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ሰው ስለሚከራከር የእንግሊዝ ጠበቃ

ነፍሰ ገዳይ ተያዘ የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ሰው ሁሉ ወዲያው በልቡ ይፈርዳል። የሟቹ ዘመድ ያለቅሳል፤ አገሩ ይቈጣል፤ የተያዘውም ሰው ገና ቃሉን ሳይሰጥ ጥፋተኛ ተብሎ ይጠራል። በዚህ ጊዜ ስለ እርሱ ቆሞ የሚናገር ሰው ቢነሣ፥ «ለነፍሰ ገዳይ የሚከራከር ምን ዐይነት ሰው ነው?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ ጥያቄ በእንግሊዝ አገር ብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሮ በመጨረሻ ደንብ የተበጀለት ስለ ሆነ፥ የዚያን አገር ሥርዓት ማወቅ ለአስተማሪም፥ ነገር ለሚያይ ሽማግሌም ይጠቅማል። ስለ እንግሊዝ አገር ከዚህ ቀጥሎ የሚጻፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በእንግሊዝ አገር ሕግ ዐዋቂዎች በሁለት ወገን የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ሶሊሲተር ይባላል፤ ባለጉዳዩን አስቀድሞ የሚቀበል፥ ወረቀቱን የሚያሰናዳ፥ ምስክሩን የሚፈልግ እርሱ ነው። ሁለተኛው ባሪስተር ይባላል፤ የዚህም ዋና ሥራው በከፍተኛው ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር ነው። ባሪስተር ለመሆን የሚሻ ሰው በሎንዶን ካሉት ከአራቱ የጠበቆች ማኅበራት ባንዱ መግባት ግድ ይሆንበታል፤ ስማቸውም ሊንከንስ ኢን፥ ኢነር ቴምፕል፥ ሚድል ቴምፕልና ግሬይስ ኢን ይባላል። ትምህርቱንም ከፈጸመ በኋላ በሥራው በቆየ ባሪስተር ሥር ሆኖ ይለማመዳል። ሴቶች ወደዚህ ሥራ እንዲገቡ የተፈቀደው በ1919 በወጣው ሕግ ነው። ባሪስተር በወንጀል ችሎት ሲቆም ጥቁር ካባ ይለብሳል፤ በራሱም ላይ ከፈረስ ጠጕር የተሠራ ነጭ ቆብ መሰል ጠጕር ያደርጋል። በሥራው የላቀው የንጉሥ አማካሪ የሚል ማዕረግ ሲሰጠው የሐር ካባ ይለብሳል፤ የነፍስ ግድያን የመሰለ ከባድ ነገርም ብዙውን ጊዜ ለእንዲህ ያለው ሰው ይሰጣል።

በቀድሞ ዘመን ግን በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ እንዳያቆም ተከልክሎ ነበር። ምክንያታቸውም፥ ንጹሕ ሰው እውነትን ለመናገር የሌላ አፍ አያስፈልገውም፤ ዳኛውም ይጠብቅለታል የሚል ነበር። ነገር ግን ከወህኒ ቤት ወጥቶ ለሞት ፍርድ የቆመ፥ ፊደል ያልቈጠረ ድኻ፥ በፍርሃት ተውጦ ሳለ ምስክርን መርምሮ ሊረታ እንዴት ይችላል? ስለዚህ በ1696 በአገር ክህደት ለሚከሰሱት ጠበቃ ተፈቀደ። በሌላው ከባድ ወንጀል ግን ዳኞቹ ከ1730ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በገዛ ፈቃዳቸው ጠበቃውን ምስክር እንዲጠይቅ ብቻ ይተዉት ጀመር። ዊልያም ጋሮው የሚባለው ጠበቃ በ1780ዎቹ ዓመታት በሎንዶን ኦልድ ቤይሊ በሚባለው ፍርድ ቤት ሲሠራ፥ ሌባ ለሚያሲዝ ሰው የሚሰጠውን ሽልማት ፈልገው የሚመሰክሩትን ሰዎች በጥያቄ ብቻ ያጋልጣቸው ነበር። ስለ ተከሳሹ ሙሉ ንግግር ማድረግ ለጠበቃ የተፈቀደው በ1836 ነው። ተከሳሹም ራሱ ምሎ ስለ ራሱ እንዲመሰክር በሁሉም ነገር የተፈቀደለት በ1898 ነው።

በዚያ አገር ተከሳሹ በከባድ ወንጀል ተከሶ አላደረግሁም ያለ እንደ ሆነ፥ አድርጓል ወይም አላደረገም ብለው የሚወስኑት ከሕዝቡ መካከል በዕጣ የወጡ 12 ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ጁሪ ይባላሉ። ዳኛው ሕጉን ያስረዳቸዋል፤ ጥፋተኛ ነው ያሉ እንደ ሆነም ቅጣቱን ይወስናል። ለእነዚህ 12 ሰዎች የሚነገራቸው ትልቁ ደንብ፥ ማስረዳት የከሳሽ ዕዳ ነው የሚል ነው። ይህ ደንብ የጸናው ሬጂናልድ ዉልሚንግተን በሚባል የ21 ዓመት የእርሻ ሠራተኛ ነገር ነው። ይህ ሰው ሚስቱን በጠመንጃ ገደለ ተብሎ ተከሰሰ፤ እርሱም ጠመንጃው ሳላስበው ተተኰሰ አለ። ዳኛው ግን መግደሉ ከታወቀ ሳያስበው መሆኑን ማስረዳት የተከሳሹ ፈንታ ነው ብሎ ለጁሪው ስለ ነገራቸው ሞት ተፈረደበት። ነገሩ በይግባኝ እስከ ላይኛው ችሎት ደርሶ በ1935 ፍርዱ ተሻረ። ሎርድ ሳንኪ በሰጡት ፍርድ፥ ተከሳሽ ንጹሕነቱን እንዲያስረዳ አይገደድም፤ ከሳሹ ግን ያለ ጥርጥር ማስረዳት አለበት ሲሉ ወሰኑ።

ከዚህ የተነሣ የጠበቃው ሥራ ተከሳሹ ንጹሕ ነው ብሎ መማል አይደለም፤ የቀረበው ማስረጃ ክብደቱን መሸከም ይችል እንደ ሆነ መፈተን ነው እንጂ። መዝገቡን ሁሉ አስቀድሞ ያነባል፤ ምስክሩ በመጀመሪያ የሰጠውን ቃል በኋላ ከሰጠው ጋር ያስተያያል። በችሎትም ምስክሩን፥ «ምን ያህል ርቀህ ነበር? ጨረቃ ነበረች ወይስ ጨለማ? ሰውየውን ቀድሞ ታውቀው ነበር?» እያለ ይጠይቀዋል። ጥያቄው ጩኸትና ስድብ አይደለም፤ አጭርና የተሰናዳ ነው። እውነተኛው ምስክር በጥያቄ ይጸናል፤ ሐሰተኛውም ሆነ የተሳሳተው ብዙ ጊዜ በጥያቄ ይገለጣል።

ለጠበቃውም የማይጥሰው ወሰን አለው። ፍርድ ቤትን ማታለል ክልክል ነው። ተከሳሹ ለብቻው ሆኖ «አድርጌአለሁ» ብሎ የነገረው እንደ ሆነ፥ ጠበቃው ምስጢሩን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ይህ ሰው አላደረገም ብሎ መናገር ወይም ወንጀሉን በሌላ ሰው ላይ ማሳበብ አይችልም። የከሳሹ ማስረጃ ይበቃል ወይስ አይበቃም ብሎ መከራከር ግን ይችላል። ዛሬ ለተከሳሽ የቆመው ባሪስተር ነገ ለመንግሥት ሆኖ ሊከስ ይችላል፤ ከሳሽ በሆነ ጊዜም ለመርታት ብቻ አይሠራም፤ ተከሳሹን የሚረዳ ማስረጃ በመንግሥት እጅ ቢገኝ እንዲገለጥለት ሕጉ ያዛል።

ባሪስተር ባለጉዳይን በመውደድና በመጥላት አይመርጥም። ይህ ደንብ ስሙን ያገኘው ከሎንዶን የኪራይ ሠረገሎች ተራ ነው፤ ተራው የደረሰ ሠረገለኛ የመጣውን መንገደኛ ይጭናል እንጂ መልኩን አይቶ አይመልስም። እንዲሁም ባሪስተሩ ጊዜ ካለው፥ ነገሩ በሚያውቀው የሕግ ክፍል ከሆነ፥ ተገቢውም ዋጋ ከተከፈለው፥ ሰውየው ስለ ተጠላ ብቻ እንቢ ሊል አይገባውም። በ1792 ቶማስ ፔይን ንጉሥን የሚነቅፍ መጽሐፍ ስለ ጻፈ ሲከሰስ፥ ቶማስ ኧርስኪን የሚባለው ጠበቃ ነገሩን እንዲተው ቢመከርም እንቢ ብሎ ተከራከረለት። ፔይን ተፈረደበት፤ ኧርስኪንም በዌልስ ልዑል ዘንድ የነበረውን ሹመት አጣ። ሆኖም ክብሩ በዚህ አልጠፋም፤ በ1806 የአገሩ ታላቅ የፍርድ ሹም ሆኖ ተሾመ።

ጠበቃ ሁልጊዜ ይረታል ማለት ግን አይደለም። በ1949 በሎንዶን የሚኖር ቲሞቲ ኤቫንስ የሚባል፥ ማንበብና መጻፍ በቅጡ የማያውቅ ሰው፥ ሚስቱና ሕፃን ልጁ ተገድለው ተገኙ። እርሱም በፖሊስ ፊት እርስ በርሱ የማይስማማ ቃል ሰጠ፤ ገደልሁ ብሎም አመነ። በኋላ ግን ቃሉን አንሥቶ፥ ገዳዩ በዚያው ቤት በታች የሚኖረው ጎረቤቴ ክሪስቲ ነው አለ። ይህ ክሪስቲ የከሳሹ ዋና ምስክር ነበረ። ጠበቃውም በችሎት ክሪስቲን ፊት ለፊት ጠየቀው፤ ጁሪው ግን ክሪስቲን አመነ፤ ኤቫንስም ልጁን ገደለ ተብሎ በመጋቢት 1950 ተሰቀለ። በ1953 በክሪስቲ ቤት የብዙ ሴቶች ሬሳ ተገኘ፤ ክሪስቲም የኤቫንስን ሚስት መግደሉን ጭምር አምኖ ተሰቀለ። በ1966 ለኤቫንስ ከሞተ በኋላ ምሕረት ተሰጠው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1965 በነፍስ ግድያ የሞት ቅጣት እንዲቀር ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ለዚህም የኤቫንስ ነገር አንድ ምክንያት ሆኗል። ሰውየው አምኗል፥ ምስክሩም አንደበተ ቀና ነው በማለት ብቻ መፍረድ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ከዚህ ይታወቃል።

እንዲህ ያለው ሥራ ዋጋ ይጠይቃል። በዚያ አገር ገንዘብ የሌለው ተከሳሽ ጠበቃ የሚያገኘው በመንግሥት ገንዘብ ነው፤ በ2022 የወንጀል ባሪስተሮች ክፍያችን አነሰ ብለው ሥራ ባቆሙ ጊዜ ብዙ ነገር ሳይታይ ቆየ። ነገር በዘገየ ቍጥር ንጹሑ በእስር ይቈያል፤ የተበደለውም ፍርድ ሳያገኝ ይኖራል።

በኢትዮጵያም ነገረ ፈጅና ጠበቃ የሚለው ስም እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው በላ ልበልሃ እየተባባሉ ሲከራከሩ የንግግር ዐዋቂነት ትልቅ ኀይል ነበረው፤ አንደበቱ የታሰረ ሰው ግን ይጐዳ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ፥ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ሳይባል እንደ ጥፋተኛ እንዳይቈጠር፥ በመረጠው ጠበቃ እንዲከራከር፥ ጠበቃ የሚያቆምበት ዐቅም አጥቶም ፍትሕ የሚጓደል እንደ ሆነ ከመንግሥት ጠበቃ እንዲያገኝ ደንግጓል። እንግዲህ በመንደር የተጠላ ሰው ተይዞ ሕዝቡ በአንድ ቃል ሲፈርድ፥ «ማን አየ? ምን አየ? በየት ቆሞ አየ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢነሣ የወንጀለኛ ወዳጅ ነው ሊባል አይገባም። በዚህ ጥያቄ እውነተኛው ጥፋተኛ አያመልጥም፤ ንጹሑ ግን ይድንበታል።