የመልካ ጀብዱ ነፃ የንግድ ቀጠና እና የድሬዳዋ የቆየ ልምድ

ከድሬዳዋ መሐል ከተማ በስተምዕራብ በምትገኘው መልካ ጀብዱ አካባቢ የተገነባው የኢንዱስትሪ ፓርክ ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኖ ሥራ ጀምሯል። ነፃ የንግድ ቀጠና ማለት ከውጭ የመጣ ዕቃ የጉምሩክ ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቶ የሚከማችበት፣ የሚለይበት፣ እንደገና የሚታሸግበት፣ አንዳንዴም ተቀናብሮ ወደ ሌላ አገር የሚላክበት የታጠረ ስፍራ ሲሆን፣ ቀረጡ የሚከፈለው ዕቃው ከአጥሩ ወጥቶ ወደ አገር ውስጥ ገበያ ሲገባ ብቻ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ በመሆኑና ዕቃ እዚያ በዘገየ ቁጥር የማቆያ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሚወጣ፣ ማከማቻውን ወደ አገር ውስጥ ማምጣት ለአስመጪውም ለአገሪቱም እፎይታ እንደሚሰጥ አያጠራጥርም።

ይሁን እንጂ የድሬዳዋ የራሷ ታሪክ ስለ ጉዳዩ የሚናገረው ከዚህ የሰፋ ነገር አለ። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራማ ምድር መውጣት ስላልተመቸው በ1895 ዓ.ም. ከተራሮቹ ግርጌ ሲደርስ፣ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ከተማ ተቆረቆረች፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስም እስከ 1909 ዓ.ም. መቆየት ግድ ሆነ። ከተማዋ ያደገችው ባቡሩ በእርሷ በኩል በማለፉ ብቻ አልነበረም፤ ባቡሩ የሚጠገንባቸው ወርክሾፖች በውስጧ በመተከላቸው መካኒኩ፣ ብረት ሠሪው፣ ሒሳብ ሹሙና ሻጩ ደመወዛቸውንና ገቢያቸውን እዚያው አገኙ፣ እዚያውም አወጡ። አሮጌው መስመር ሲዳከም ከተማዋ አብራ የተጎዳችውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት የጀመረውና ከሰበታ እስከ ጅቡቲ 752 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የኤሌክትሪክ ባቡር ድሬዳዋን ከወደቡ ጋር ዳግም ያስተሳስራት እንጂ፣ የቀድሞውን ያህል ሥራ በከተማዋ ይተክላል ማለት ግን አይደለም።

ስለዚህ የመልካ ጀብዱ ቀጠና በሚያልፍበት ኮንቴይነር ብዛት ብቻ ሊመዘን አይገባም። ዋናው ጥያቄ በአጥሩ ውስጥ ስንት የአካባቢው ወጣት ሙያ ተምሮ እንደተቀጠረ፣ ማሸጊያውን፣ ምግቡን፣ ጥገናውንና ጭነቱን ከአካባቢው ነጋዴ የሚገዛ ድርጅት ስንት እንደሆነ ነው። ማከማቻ ብቻ የሆነ ቀጠና ጥቂት ጠባቂና ጫኝ ብቻ ይፈልጋል፤ ማቀናበርና ማምረት የተጨመረበት ግን ሰፊ የሰው ኃይል ይሻል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ማድረጉ ይህን ጥያቄ ይበልጥ አጣዳፊ አድርጎታል። አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ወደ ውጭ የሚልክ አምራች ለእያንዳንዱ ዶላር የሚያገኘው ብር ጨመረ፤ ጥሬ ዕቃውን ከውጭ የሚያስመጣው ግን ወጪው በዚያው ልክ ናረበት፤ ሠራተኛው ደግሞ በእጁ ያለው ደመወዝ የሚገዛው ዘይትና ጨርቅ አነሰ። ከዚያ ቀደም ብሎ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚገቡበት ከአጎዋ ዕድል መታገዷ በአገሪቱ የነበሩ የልብስ ፋብሪካዎችን ክፉኛ መጉዳቱ ይታወሳል። በመሆኑም ቀጠናው የሚጠራቸው ድርጅቶች ገበያቸው በአንድ አገር በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ያልተንጠለጠለ፣ ጥሬ ዕቃቸውም በተቻለ መጠን ከአገር ውስጥ የሚገኝ ቢሆን የተሻለ ነው።

በምሥራቁ መስመር ከድሮ ጀምሮ የሚታወቀው ኮንትሮባንድም፣ ማለትም ቀረጥ ሳይከፈልበት በስውር የሚገባው ዕቃ፣ ከዚህ የተነጠለ ጉዳይ አይደለም። ሕጋዊው መንገድ ፈጣንና ርካሽ ሲሆን ነጋዴው ከመደበቅ ይልቅ መመዝገብን ይመርጣል፤ በር ላይ የሚያጉላላ አሠራር ካለ ግን አጥሩ ብቻውን ማንንም አይስብም። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ለእንዲህ ዓይነት ቀጠናዎች ሕጋዊ መሠረት ጥሏል፤ ስለ ቀጠናው በየዓመቱ የሚወጣ ሪፖርትም ከገቡት ባለሀብቶችና ከካፒታላቸው ጎን ለጎን የተቀጠሩትን የመልካ ጀብዱና የድሬዳዋ ነዋሪዎች ቁጥር፣ የሚከፈላቸውን ደመወዝና በሥራቸው ላይ የቆዩበትን ጊዜ ለሕዝብ ቢያሳውቅ፣ የአካባቢው ሰው ከቀጠናው ያገኘውን ድርሻ በራሱ ሊያሰላ ይችላል።