ሰመመን የሚሰጠው ማን ነው? ከጎንደር እስከ ረሖቮት

ጎንደር ለቀዶ ሕክምና የገባን ሰው ሰመመን የሚሰጠው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ሐኪም አይደለም፤ አንስቴቲስት ነው። አንዳንዱ ነርስ ሆኖ ከሠራ በኋላ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ፣ ሌላው በአኔስቴዥያ ዲግሪውን ይዞ የገባበት ሙያ ነው። የሰመመን ሐኪም እጅግ ጥቂት በሆነባት ኢትዮጵያ ቀዶ ሕክምናውን ተሸክመው የቆሙት እነሱ ናቸው። ምስጋናቸው ግን ከሥራቸው ጋር አይመጣጠንም።

ምጥ ጠንቶባት በኦፕራሲዮን ልትወልድ የገባችን እናት እንውሰድ። አንስቴቲስቱ አስቀምጦ ጀርባዋን ያስጎነብሳታል፤ በወገብ አጥንቶቿ መካከል ቀጭን መርፌ ያስገባል። ጥርት ያለ ፈሳሽ ጠብ ሲል ቡፒቫኬይን ይወጋል። በደቂቃዎች ውስጥ እግሯ ይደነዝዛል፤ የደም ግፊቷም ድንገት ሊወርድ ስለሚችል ዓይኑን ከመለኪያው አይነቅልም።

በእስራኤሏ ከተማ በረሖቮት ነገሩ ሌላ ነው። ካፕላን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1953 ተከፍቶ በአገሪቱ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር ስም ተሰየመ። እዚያም ሆነ በመላው እስራኤል ሰመመን የሐኪም ስፔሻሊቲ ነው፤ በራሷ ኃላፊነት ሰመመን የምትሰጥ ነርስ የለችም። አሜሪካ ውስጥ ግን ነርሶች ሥራውን የያዙት ከእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ጀምሮ ነው፤ ዛሬ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቢያንስ አንድ ዓመት ሠርተው የዶክትሬት ደረጃ ትምህርት ይጨርሳሉ።

ታዲያ በረሖቮቱ የኢትዮጵያውያን ሰፈር በቂርያት ሞሼ አድጋ ይህን ሥራ የምትመኝ ልጅ ምን ታድርግ? ሰመመኑን ራሷ መስጠት ከፈለገች መንገዷ የሕክምና ትምህርት ነው፤ ረጅም ነው፣ ግን ክፍት ነው። ነርስነቱን ከመረጠች ዲግሪዋን ይዛ የመንግሥቱን ፈተና ታልፋለች፤ ከዚያም በጽኑ ሕሙማን ወይም በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስነት ከፍተኛ ኮርስ ትወስዳለች። ይህን ሁለተኛ ደረጃ ዕድል አድርጎ ማየት በእኔ እምነት ስሕተት ነው። በሽተኛው ከቀዶ ሕክምና ወጥቶ ማገገሚያ ክፍል ሲተኛ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ትንፋሹን ሊዘጋ ይችላል። የኦክስጅን መለኪያው ድምፅ እየወፈረ ሲሄድ ነርሷ ስክሪኑን ሳታይ ታውቃለች፤ አገጩን ወደ ላይ ስትገፋለት አየሩ መንገድ ያገኛል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ሥራ አላት። ከኢትዮጵያ የመጡ አንድ ሽማግሌ በዕብራይስጥ ሲጠየቁ አንገታቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። እሷ ግን በአማርኛ፣ «አባባ፣ ዛሬ ጠዋት ቡና ጠጥተዋል? ወተት ነበረበት?» ትላለች። ጥያቄው ለወግ አይደለም፦ ጥቁር ቡና ከሰመመኑ 2 ሰዓት አስቀድሞ ቢጠጣ ይፈቀዳል፤ ወተት የገባበት ግን እንደ ምግብ ተቆጥሮ 6 ሰዓት ያስጠብቃል፤ ከጨጓራ የተመለሰ ምግብ ሳንባ ከገባ ሊገድል ይችላልና።