ከአንኮበር እስከ አፍሪካ አዳራሽ፤ የአንድ ሠዓሊ እጅ እንዴት እንደ ሠለጠነ

በሸዋ ሮቢት ባደግንበት ጊዜ ሥዕል የሚሆንለት ልጅ ሲገኝ «ተሰጥቶታል» ይባል ነበር እንጂ «ተምሮታል» የሚል ሰው አልነበረም። እኛም በገበያ ቀን ያየነውን ግመል በከሰል ግድግዳ ላይ ሥለን ቁጣ ከተቀበልን በኋላ፥ ያልተሰጠን መሆኑን አምነን ተውነው። ይህ እምነት ስሕተት መሆኑን ለመረዳት ከይፋት ቆላ ራስጌ፥ ከአንኮበር የወጡትን የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን ትምህርት መመርመር ይበቃል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሠዓሊው የተወለዱት በ1932 ነው። አንኮበር የነገሥታት መቀመጫ ስለ ነበረች ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አሏት፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ያደገ የክርስቲያን ልጅም ሥዕልን በመጀመሪያ የሚያየው በቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ የአሣሣል ሥርዓት ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዐይኑ ሲታይ፥ ክፉው በጐኑ፥ በአንድ ዐይኑ ብቻ ይሣላል። ርቀትና ጥላ ብዙ ስፍራ የላቸውም፤ ሥራውን የሚሠሩት መስመርና ቀለም ናቸው።

በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ዝንባሌያቸው ከታወቀ በኋላ ግን በሎንዶን ወደ ሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም ወደ ስሌድ ገቡ። ስሌድ ሕያው ሰውን እያዩ በመሣል የታወቀ ትምህርት ቤት ነው። በእንዲህ ያለው ትምህርት ተማሪው የአጥንቱን አያያዝ፥ የክብደቱን አወራረድና የብርሃኑን አቅጣጫ እየመረመረ ይሥላል፥ ያጠፋል፥ ደግሞም ይሥላል። ዐይን ያላስተዋለውን እጅ ሊሥለው አይችልምና።

በ1954 ወደ አገራቸው ተመልሰው ሥዕሎቻቸውን በአዲስ አበባ ካሳዩ በኋላ፥ ባገኙት ገንዘብ እንደ ገና ወደ አውሮፓ ሄዱ። የመስታወት ሥዕል አሠራርን ሲማሩ፥ በሎንዶን፥ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን ሥዕል ያለባቸውን የኢትዮጵያ ብራናዎችም አጠኑ። እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት ያስብ። በሎንዶን ካሉት ብራናዎች ብዙዎቹ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው፤ የአንኮበር ልጅ የአባቶቹን የመጽሐፍ ሥዕል ለማጥናት ባሕር መሻገር ነበረበት።

በእኛ አስተያየት ሁለቱ ትምህርቶች የተጋጠሙት፥ እኛም ከሥራዎቻቸው ሁሉ አብልጠን የምንወደው፥ በ1961 በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ነው። በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ መከራ፥ ትግሏንና ተስፋዋን ያሳያል። የሰውነቱ አቋቋም የስሌድን ትምህርት ሲመሰክር፥ ቀለሙን የሚከልለው ጥቁር መስመር ብራናውን ያስታውሳል። ቴምብሮችንም ሲነድፉ ይኸው መስመር በትንሽ ወረቀት ላይ አልጠበበውም።

ሠዓሊው በ2012 ዐርፈዋል። ለይፋት ልጅ የተዉለት ትምህርት ግን ግልጽ ነው። በገበያ የተንበረከከው ግመልና በሸማው ላይ የጐነበሰው የአርጎባ ሸማኔ ከስሌድ አዳራሽ የማያንሱ መምህራን ናቸው። በባዕድ አገር ያሉት ብራናዎች እስኪመለሱ ድረስም ፎቶግራፋቸው ወደየትምህርት ቤቱ ቢደርስ፥ በከሰል የሚሥለው ልጅ ከቁጣ አስቀድሞ አርአያ ያገኛል።