አገዳ ከማሳ እስከ ጆንያ

ስኳር በጆንያ ውስጥ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ሲገኝ በየቤታችን የሚወቀሰው ባለሱቁ ነው። እርሱም ምናልባት እርጥብ ወለል ላይ አስቀምጦት ይሆናል፤ ነገር ግን ጥፋቱ አንዳንድ ጊዜ የሚጀምረው በፋብሪካው ውስጥ፣ ያውም ዕቃን ከቦታ ወደ ቦታ በሚያመላልሰው መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ እምብዛም የማይታሰብ በመሆኑ ስለ እርሱ ጥቂት መግለጽ ወደድሁ።

በአገራችን ዘመናዊው የስኳር ፋብሪካ ሥራ በወንጂ የተጀመረው በ1946 ዓ.ም. ኤች.ቪ.ኤ. በተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነው። ሸንኮራ አገዳ ለመድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን ብዙ አይታገሥም። በውስጡ ያለው ስኳር እየተከፋፈለ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደሚባሉት፣ በቀላሉ ወደማይረጉት ስኳሮች ይለወጣል። በተቆረጠውም በኩል ጥቃቅን ተሐዋስያን ገብተው ዴክስትራን የሚባል ሙጫ መሳይ ነገር ይሠራሉ፤ ይህም ጭማቂውን አወፍሮ ማጣራቱን ያዘገያል፣ የስኳሩንም ቅንጣት ቅርፅ ያበላሻል። ስለዚህ አገዳው ከተቆረጠ በአንድ ቀን ውስጥ ቢጨመቅ ይመረጣል። ትራክተሩ ቢዘገይ ወይም ማንሻው ክሬን ቢሰበር፣ ገበሬው ዓመት ሙሉ የደከመበት ጣፋጭነት በሜዳ ቀረ ማለት ነው።

ፍጥነት ግን ብቻውን አይበቃም። በመኪና የሚጫን አገዳ በእጅ ከሚጫነው ይልቅ ቶሎ ይደርሳል፤ ሆኖም የመጫኛው ጥፍር ከአገዳው ጋራ አፈርና ድንጋይም ያፍሳል። አፈሩ የመጭመቂያውን ብረት ይበላል፣ ጭማቂውንም ያደፈርሳል። ብረት ወድቆበት እንደ ሆነ ደግሞ ከማጓጓዣው በላይ የተሰቀለው ማግኔት ይለቅመዋል።

በሰንሰለት የሚጎተተው ማጓጓዣ አገዳውን ለመጭመቂያው በእኩል መጠን ማቅረብ አለበት። ሲያንስ መኪናው በባዶ ይዞራል፤ ሲበዛ ይታነቃል፤ በታነቀም ጊዜ ጭማቂው ቆሞ ይኮመጥጣል።

የረጋው ስኳር በፍጥነት እየተሽከረከረ ከሚያጠልለው መኪና ሲወጣ፣ በጠመዝማዛ ብረት ቢገፋ ቅንጣቱ ይሰባበራል፣ ብናኙም ይበዛል። ስለዚህ በብዙ ፋብሪካዎች እየተንቀጠቀጠ ስኳሩን በትንሽ በትንሹ ወደፊት የሚያዘልል ገንዳ ይሠራበታል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ የሙያ ሰዎች ‹‹ፌንጣ›› ብለውታል፤ ስሙም ተስማምቶታል።

ከዚያ በኋላ ማድረቂያው አለ። ስኳሩ በደንብ ሳይደርቅና ሳይቀዘቅዝ በችኮላ ወደ ጆንያ ቢሞላ፣ እርጥበቱ በቅንጣቶቹ መካከል ይዘዋወራል፤ ሲደርቅም እርስ በርሳቸው ያጣብቃቸዋል። ያን ጊዜ ባለሱቁ ጆንያውን በሣንቃ ላይ አድርጎ ቢያስቀምጠውም አያድነውም።