ለልጅ ልጅ ጥየቃ በአውሮፕላን ሲኬድ



በቅርቡ አንዲት እናት እዚህ አምባ ጊዮርጊስ ወደ መድኃኒት ቤታችን ብቅ አሉ። ድሬዳዋ ያለችው ልጃቸው ከወለደች አራት ወሯ ነው። «አዘዞ ወርጄ በአውሮፕላን ልሄድ ነው፤ ኢንሱሊኔን ከማሩ ጋር ሻንጣ ውስጥ ከትቼዋለሁ» አሉኝ።

«ማሩ ለማን ነው?»

«ለልጁ ላልሰው ነዋ!»

ፍቅራቸው ሙሉ ነው፤ ሁለት ነገር ግን መስተካከል ነበረበት።

አንደኛ፣ ኢንሱሊን በጭነት ሻንጣ አይላክም። በረዶ ከሆነ ይበላሻል፤ ሻንጣው ቢዘገይም ባለቤቱ ያለ መድኃኒት ይቀራል። ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ቦርሳ ይያዝ። አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን እስኪቀየር ምግብ ሊዘገይና ስኳር ሊወርድ ስለሚችል ከረሜላ ወይም ቴምር ከኪስ አይጥፋ። ድሬዳዋ እንደ ደጋችን አይደለም፤ ሙቀቱ ይበረታል። ማቀዝቀዣ ከሌለ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ ከላዩ በረጠበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ ማኖር ይረዳል።

ሁለተኛ፣ ማር በቁርኣን መድኃኒትነቱ የተነገረለት ነው፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን አይሰጥም። አንዳንዴ በማር ውስጥ የሚገኝ ተህዋስ ባልጠነከረ አንጀት ውስጥ መርዝ ያመነጫል። ሕፃኑ ይዝላል፤ መጥባት ያቅተዋል፤ ትንፋሹም ሊቆም ይችላል። ማሩን ማፍላት አያድነውም። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም አያሻው።

«ታዲያ ማሩን ልመልሰው?» አሉኝ።

«ኧረ ለእናቲቱ ይሁን! ማሩ በሻንጣ፣ ኢንሱሊኑ በእጅዎ ይሂድ። አላህ በሰላም ያድርስዎ።»