ከአፍሪካ ቀንድ አሸዋ ወደ መስታወት ሣጥን፦ ለማዳ እባብ ምን ይመገባል?

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3፦ በአውሮፓና በአሜሪካ መኖሪያ ቤቶች በመስታወት ሣጥን ከሚያድጉ እባቦች መካከል አንዱ የዚህ አካባቢ ተወላጅ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ የአሸዋ ቦአ ይባላል። ነጋዴዎች “የኬንያ” የሚል ቅጽል ቢሰጡትም መኖሪያው ከግብፅና ከሱዳን አንሥቶ፣ ኢትዮጵያንና ሶማሊያን አካልሎ እስከ ታንዛኒያ ይዘልቃል።

መርዝ የለውም። ገላውን በአሸዋ ቀብሮ ያደፍጣል፤ አይጥ ወይም እንሽላሊት ሲቀርበው በድንገት ይነክሰዋል፣ ተጠምጥሞ ጨምቆ ይገድለዋል፣ ሳያኝክም ይውጠዋል።

ይህ አመጋገብ ለአሳዳጊዎች ዋናው መመሪያ ነው። ከሥጋ ቤት የተገዛ የበሬ ወይም የዶሮ ቁራጭ ለሥጋ በል እንስሳ የሚበቃ ይመስላል፤ ለእባብ ግን አይበቃም። ጡንቻ ብቻውን በቂ ካልሲየም የለውም። ሙሉ አይጥ ግን አጥንቱ፣ ጉበቱና አንጀቱ ጭምር ስለሚዋጥ እባቡ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያገኛል።

መጠኑስ? የተለመደው መለኪያ ቀላል ነው፦ አይጡ ከእባቡ ገላ ወፍራም ክፍል ብዙም መብለጥ የለበትም። ከዚያ ከተለቀ እባቡ የዋጠውን መልሶ ሊተፋው ይችላል። አዲስ የተወለደ የአሸዋ ቦአ ገና ፀጉር ያላወጡ የአይጥ ግልገሎችን በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ይመገባል። ሴቷ እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ልትደርስ ስለምትችል ስታድግ ሙሉ አይጥ ትውጣለች። ወንዱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ50 ሴንቲ ሜትር ስለማያልፍ ዕድሜውን ሙሉ ትንንሽ አይጥ ይበቃዋል። ለአዋቂዎቹ አንድ ምግብ ከ10 እስከ 14 ቀን ያቆያቸዋል።

ብዙዎችን የሚያከራክረው አይጡ በሕይወት እያለ ይሰጥ ወይስ ሞቶ የሚለው ነው። መልሱ ግን ያን ያህል የሚያከራክር አይመስልም። በጠባብ ሣጥን የተከተተ አይጥ መሸሻ ስለሌለው ይናከሳል፤ እባቡ ካልተራበ ደግሞ ሌሊቱን ገላውን ሲቦረቡር ሊያድር ይችላል። ለአይጡም ቢሆን ፍርሃቱና ሥቃዩ የከፋ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው አስቀድሞ በፍጥነት ተገድሎ በበረዶ የቆየ፣ ቀስ ብሎ የቀለጠና ለብ ያለ አይጥ በረጅም መቆንጠጫ ማቅረብ ነው።

በረዶ ግን ሁሉንም ተሕዋስያን አይገድልም። እአአ በ2010 እና በ2014 በአሜሪካ ሰዎችን ያሳመመ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ለእባብ ምግብነት ከሚሸጡ የቀዘቀዙ አይጦች ጋር ተያይዞ ነበር። ይህ ባክቴሪያ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ይበረታል። አይጡ የሰው ምግብ በሚዘጋጅበት ማዕድ ቤት መቅለጥ የለበትም፤ የነካ እጅም በሳሙና መታጠብ አለበት።

እዚህ ጅቡቲ ሌላም ነገር መታሰብ ይኖርበታል። ከተማዋ እአአ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ታገኛለች፤ ሆኖም በበጋው ሐሩር መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ በማቀዝቀዣ ያለው ሁሉ ይቀልጣል። ቀልጦ የሞቀ አይጥ ዳግመኛ ቢቀዘቅዝም ለምግብነት አይሆንም፤ መጣል ነው ያለበት።

ታዲያ አይጥ በየጓዳው እያለ በገንዘብ መግዛት ለምን ያስፈልጋል? እንደ ካርቲየ 3 ባለ ቤት ከቤት በተጠጋበት ሰፈር የሚያዝ አይጥ መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል። የአይጥ መርዞች ብዙዎቹ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው፤ አይጡም ከበላ በኋላ ለቀናት ሲንቀሳቀስ ስለሚቆይ ጤነኛ ይመስላል። መርዙ ባይኖር እንኳ ጥገኛ ትላትሎች ይኖሩበታል።

ጉዳዩ ከንግዱም ጋር ይያያዛል። የአሸዋ ቦአ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኝ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ኢትዮጵያም ጅቡቲም የስምምነቱ አባል ናቸው። ከዱር የተያዘ እባብ ደግሞ እንሽላሊት ማደን የለመደ ከሆነ የቀረበለትን የሞተ አይጥ እንደ ምግብ ላይቆጥረው ይችላል፤ አንዳንዱ እምቢ እንዳለ በረሃብ ይሞታል። በሰው እጅ የተወለደው ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ችግር ይበላል። ልምድ ያላቸው ገዢዎች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ሻጩ እባቡን ፊታቸው እንዲመግብላቸው የሚጠይቁት ለዚህ ነው።