ፕሮቲን ቆራጭ ኤንዛይሞች በሰውነት መከላከያ ሥርዓት ውስጥ

ፕሮቲን ቆራጭ ኤንዛይም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በጨጓራ ያለውን ፔፕሲንንና ከቆሽት የሚመነጨውን ትሪፕሲንን፣ ማለትም የበላነውን ሥጋና ጥራጥሬ የሚያደቅቁትን ነው፤ ዳሩ ግን የእነዚሁ ዘመዶች የሆኑ ሌሎች ኤንዛይሞች በደማችንና በሕዋሳታችን ውስጥ ተሰውረው፣ ደዌ የሚያመጡትን ረቂቃን ተሕዋስያን ለመመከት ሌሊትና ቀን የተሰለፉ መሆናቸውን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ጠላትን የሚቆርጥ ስለት የባለቤቱንም ሥጋ ሊቆርጥ ስለሚችል፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ በሰገባው እንዳለ ሰይፍ ኃይላቸው ተሸፍኖ ይፈጠራሉ፤ የጥናታቸውም ታሪክ፣ በእኔ አስተያየት፣ የመቁረጥን ያህል የመግታት ታሪክ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የተመረመረው በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው፣ ኮምፕሊመንት የተባለው የፕሮቲኖች ማኅበር ነው። ቤልጅጋዊው ሊቅ ዡል ቦርዴ በ1895 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ፓስተር ተቋም ሲሠራ፣ የደም ፈሳሽ ባክቴሪያን ለመግደል ሙቀትን የሚታገሥ ፀረ እንግዳ አካልና በሙቀት የሚጠፋ ረዳት በአንድነት እንደሚያሹት ገለጠ፤ የ1919 የኖቤል ሽልማትም ተሰጠው። ያ ረዳት የሚቀሰቀሰው በተርታ ነው፦ ፀረ እንግዳ አካሉ በባክቴሪያው ላይ ሲያርፍ ሲ1አር የተባለው ኤንዛይም ነቅቶ ሲ1ኤስን ይቆርጣል፣ ሲ1ኤስም ሲ4ንና ሲ2ን ይቆርጣል፣ ከእነርሱ ቁራጮች የሚገጣጠመው አዲስ ኤንዛይም ደግሞ ሲ3ን በብዛት ይቆርጣል፤ ከዚህም የተነሣ ገሚሱ ቁራጭ በባክቴሪያው ላይ ተለጥፎ ለበላዒ ሕዋሳት ምልክት ሲሆን፣ ገሚሱ የእብጠትን ምላሽ ያስነሣል፣ በፍጻሜውም የማኅበሩ የመጨረሻ አባላት የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሳሉ። የመጀመሪያዎቹን ኤንዛይሞች የሚገታው ፕሮቲን ካሊክሬይን የተባለውንም ኤንዛይም ይገታልና፣ ይህ ፕሮቲን በትውልድ የጎደለባቸው ሰዎች ፊታቸውና ጉሮሯቸው በድንገት እያበጠ ትንፋሻቸው እስከ መዘጋት ይደርሳል።

በሕዋስ ውስጥ ፕሮቲአዞም የተባለው ቆራጭ ከተባባሪዎቹ ጋር የቫይረስን ፕሮቲን ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲድ ወዳለው ቁራጭ ያሳጥራል፤ ቁራጩ በሕዋሱ ገጽ ላይ ሲታይ፣ ገዳይ ቲ ሕዋስ ቀርቦ ፐርፎሪን በተባለው ፕሮቲን በኩል ግራንዛይም የተባሉ ቆራጮችን ያስገባል፣ እነርሱም በዚያው በታመመው ሕዋስ ውስጥ የተኙትን፣ ካስፔዝ የተባሉ ሕዋሱን ለሞት የሚዳርጉ ቆራጮች ይቀሰቅሳሉ።

የመግታት ነገር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በሳንባ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች ላውሬልና ኤሪክሶን፣ ጉበት የሚሠራው አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን ከደማቸው የጎደለ ሰዎችን አገኙ፤ ይህ ፕሮቲን ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚያፈስሱትን ኤላስቴዝ የሚገታ ስለሆነ፣ ሲጎድል ኤላስቴዙ የሳንባን ተለጣጭ ጅማት ይበላል። የትምባሆ ጢስም ይህንኑ ገቺ ስለሚያሰንፈው፣ ጉድለቱ ያለበት ሰው ማጨሱ እጅግ የሚያሳዝን ነው።

ተሕዋስያንም በበኩላቸው ይቆርጣሉ። እንግሊዛዊው ሮድኒ ፖርተር ከፓፓያ ወተት በሚገኘው ፓፔን ፀረ እንግዳ አካልን ከማጠፊያው ላይ ቆርጦ ቅርጹን ለማወቅ መንገድ እንደከፈተ ሁሉ፣ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ወረርሽኝ የሚያስነሣው ማጅራት ኮክ የተባለው ባክቴሪያ፣ በአፍንጫና በጉሮሮ ልስልስ ሽፋን ላይ የሚጠብቀውን አይጂኤ1 የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ከማጠፊያው ላይ ይቆርጠዋል፤ የኮምፕሊመንት የመጨረሻ አባላት የጎደሉበት ሰው ደግሞ በዚሁ ባክቴሪያ ደጋግሞ ይታመማል። አይጂኤ2 የተባለው ወንድሙ ግን ማጠፊያው አጭር ሆኖ የሚቆረጠው ክፍል ስለሌለው፣ የባክቴሪያውን ቆራጭ ኤንዛይም ይቋቋማል።